አርባ ሺህ ክንፍ በስስ ውሃ ላይ

ካርታ ዘርግቶ ሞስኮን ያገኘ ሰው ጣቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ደቡብ ቢያወርድ ባሕር ዳር ላይ ያርፋል። የሩሲያ ዋና ከተማ 37.6 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር ደግሞ 37.4 ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው የሰሜንና የደቡብ ርቀት 4,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየዓመቱ የሰሜኑ ብርድ ሲጀምር ከአውሮፓዊቷ ሩሲያና ከባልቲክ አገሮች ረግረጎች ክሬን የሚባሉ ግራጫ፣ ባለረጅም አንገት ወፎች ይነሳሉ። መካከለኛው ምሥራቅንና በረሃውን አቋርጠው በኅዳርና በታኅሣሥ ጣና ዳር ይደርሳሉ፤ ገበሬው ካጨደው ማሳ ላይ የተረፈውን እህል እየለቀሙ በጋውን ያሳልፋሉ። እያንዳንዳቸው ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይመዝናሉ። ክንፋቸው ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ያልፋል።

በአንዳንድ ዓመታት በጣና ዙሪያ የተደረጉ ቆጠራዎች ከ20,000 በላይ ክሬኖች አግኝተዋል። 20,000 ወፍ ማለት 40,000 ክንፍ ነው። አሁን እናስላ። አንዱ ክሬን በደርሶ መልስ ጉዞው ቢያንስ 10,000 ኪሎ ሜትር ይበርራል። የ20,000ዎቹ ጉዞ ሲደመር 200 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው ርቀት 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ጣና ዳር የሚከርሙት እነዚህ ወፎች በአንድ ዓመት የሚበርሩት አንድ ላይ ቢቀጣጠል ፀሐይ ጋ ደርሶ 50 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይተርፈዋል ማለት ነው። አንዱን ለይተን 20 ዓመት ቢኖር ብንል ደግሞ እሱ ብቻውን 200,000 ኪሎ ሜትር ይበርራል፤ ይህም ምድርን በወገቧ አምስት ጊዜ መዞር ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር የሚያስገርመኝ በትልቅነቱ ብቻ አይደለም። ይህን ሁሉ የተሸከመው ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ሳይ ይበልጥ እገረማለሁ። ይህን ለመረዳት ከእንፍራንዝ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

የወረቀት ያህል ውፍረት

እንፍራንዝ ከባሕር ዳር በስተምዕራብ ወደ ጣና የሚገባ ወንዝ ነው፤ ወንዙ ከሐይቁ ሲገናኝ የሚፈጥረው የደንገልና የፊላ ረግረግም በዚሁ ስም ይጠራል። በተፋሰሱ የሚፈልቁ ምንጮች የባሕር ዳር ሕዝብ የሚጠጣውን ውሃ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ዶ/ር ሽመልስ አይናለምና ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ የእንፍራንዝንና የጎረቤቱን የይጋንዳን ወፎች ዓይነት፣ ብዛትና ስርጭት አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 ለወፎች እጅግ አስፈላጊ ናቸው ብሎ ከለያቸው 69 የአገራችን ቦታዎች መካከል የባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ይገኝበታል። ዩኔስኮ ደግሞ በ2015 ሐይቁንና ዙሪያውን፣ በድምሩ 695,885 ሄክታር፣ በዓለም የባዮስፌር ክልልነት መዝግቦታል።

ጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስፋቱ ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ባሕር ይመስለዋል፤ ስሙም ከጥንት ጀምሮ ባሕር ነው። ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አይበልጥም። ሐይቁን አሳንሰን 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የእንጀራ ምጣድ ላይ ብናሰፍረው በምጣዱ ላይ የሚቆመው ውሃ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። የአንድ ወረቀት ውፍረት ነው። ያም በጥልቁ ቦታ ላይ ሲለካ ነው፤ አማካዩ ከዚያም ያንሳል።

ወፎቹን ወደዚህ የሚጠራቸው ይኸው ስስነት ነው። ረጅም እግር ያለው ወፍ የሚፈልገው እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ውሃ ነው። ክሬን ሌሊቱን በጥልቀት በሌለው ውሃ መሀል ቆሞ ያነጋል፤ ቀበሮና ጅብ ውሃውን እየረገጡ ሲመጡ ድምፃቸውን ይሰማልና። ውሃው ስስ ሲሆን ፀሐይ እስከ ታች ትዘልቃለች፤ ነፋስም የሥሩን ደለል እያነሳ ያናውጠዋል። ለዓሣና ለነፍሳት ምግብ የሚሆነው ነገር ሁሉ ከዳርቻው ይሰበሰባል። ከ4 ሜትር በላይ የሚያድገው ደንገልም የሚበቅለው በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከትውልድ ትውልድ ታንኳ ሲሠራበት የኖረ፣ ወፍ ጎጆ የሚሠራበት፣ ዓሣ የሚራባበት ተክል ነው።

ይህ ስስ ውሃ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ያውቃል። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ያወጡት ደለል እንዳሳየው ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ ጣና ደርቆ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙት 15 ያህል የላቤኦባርበስ ዓሣ ዝርያዎች እየተለያዩ የመጡት ሐይቁ ዳግም ከሞላ በኋላ ሳይሆን አይቀርም። በምድር የዕድሜ ልክ 16,000 ዓመት ትናንት ማለት ነው።

አንድ ሞቃትና ነፋሻ ቀን

ባሕር ዳር 11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ በመሆኗ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ በአናቷ ታልፋለች፤ አንዱ በሚያዝያ 12 አካባቢ፣ ሌላው በነሐሴ አጋማሽ። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ግን የጠራ ነው። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ረፋዱ ላይ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ደንገሉን ወደ የብስ ማጋደም ይጀምራል።

እንዲህ ባለው ቀን ከሐይቁ ላይ በትነት የሚነሳው ውሃ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። በ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲባዛ ግን 15 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በሊትር 15 ቢሊዮን። ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ በነፍስ ወከፍ ከ100 ሊትር በላይ ይደርሳል። በሰከንድ ሲሰላ ከ170 ሜትር ኩብ የሚበልጥ ወንዝ ሽቅብ ወደ ሰማይ ይፈሳል ማለት ነው። በዓመት ከሐይቁ የሚተነው ውሃ ከፍታው ከ1.5 ሜትር ያልፋል፤ መጠኑም ወደ 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል። ዓባይ ከጣና ይዞት ሲወጣ የኖረው በዓመት በአማካይ ወደ 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ከጣና የሚነሳው ትልቁ ወንዝ እንግዲህ ዓይን የማያየው ነው።

ያን ውሃ ለማትነን የሚያስፈልገው ጉልበትስ? አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን 2.45 ሚሊዮን ጁል ይጠይቃል። 15 ቢሊዮን ኪሎ ውሃ ከ10,000 ጊጋ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ በአንድ ዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይና ነፋስ በአንድ የሚያዝያ ቀን ከጣና ላይ ውሃ ለማንሳት የሚያውሉት ጉልበት ግድቡ በዓመት ከሚሰጠው ወደ ሁለት ሦስተኛው ይደርሳል። አንድም ድምፅ የለውም፤ አንድም ተርባይን አይዞርበትም።

ከዚህ ጉልበት ጥቂቷን ወፎቹ ይበደራሉ። የብሱ ከሐይቁ ፈጥኖ ይሞቃል። የሞቀው አየር ከማሳው ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ቦታውን ለመሙላት ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለው ይገባል። ነፋሱ ይኸው ነው። ነጭ ፔሊካን ከ10 ኪሎ በላይ ሊመዝንና ክንፉም ከ3 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ይህን ክብደት በክንፍ ምት ብቻ ወደ ላይ ማንሳት አድካሚ ነው። በዚያ ላይ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ወፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከባሕር ጠረፍ ወንድሙ ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ መብረር አለበት። ስለዚህ ፔሊካን ማሳው እስኪሞቅ ይጠብቃል። ረፋድ ላይ በሰከንድ 2 ሜትር የሚወጣ አየር ካገኘ ክንፉን ዘርግቶ እየተሽከረከረ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 100 ሜትር ያህል ይወጣል፤ አንድ ጊዜም ሳያርገበግብ።

41 ዲግሪ ያለ ላብ

የወፍ የሰውነት ሙቀት ጤነኛ ሳለ ወደ 41 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሰው በዚህ ሙቀት ላይ ሆስፒታል ይገባል። ወፍ ደግሞ የላብ ዕጢ የለውም። በእንፍራንዝ ዳር በእኩለ ቀን የቆመውን ፔሊካን ያየ ሰው ከመንቁሩ ሥር ያለው ቢጫ ቆዳ ሲንቀጠቀጥ ያስተውላል። ወፉ የጉሮሮውን ቆዳ በደቂቃ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያርገበገበ በዚያ በኩል ውሃ ያተናል፤ ሐይቁ በ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሠራውን እሱ በአንድ መዳፍ ስፋት ይሠራል። አባ ኮዳ ሌላ ዘዴ አለው። እግሩ ላይ እርጥብ ኩስ ይለቅቃል፤ ያ ሲተን በእግሩ የሚያልፈውን ደም ያቀዘቅዛል። እግሩ ኖራ የተቀባ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ጥቁርና ነጭ ላባ ያለው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ከ100 ግራም በታች ነው፤ ነገር ግን ነፋስ በሌለበት አየር ላይ በክንፉ ምት ብቻ አንድ ቦታ ላይ መቆም ከሚችሉት ወፎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ነፋሻ ቀን ለእሱ በረከት ነው። ነፋሱ በሰከንድ 8 ሜትር ሲመጣ እሱም ፊቱን አዙሮ በሰከንድ 8 ሜትር ይበርራል። ከአየሩ አንጻር እየበረረ ከውሃው አንጻር ቆሟል። ጭንቅላቱ አይነቃነቅም፤ ዓይኑ ከታች ያለውን ዓሣ አይለቅቅም።

ከሰከንድ ሁለት ሺህ አንድ እጅ

ፎቶ አንሺው የሚገባው በዚህ ሁሉ መሀል ነው። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚበርር ወፍ በሰከንድ 15 ሜትር ይሄዳል። የካሜራው ሻተር ለ1/250 ሰከንድ ብቻ ቢከፈት እንኳ ወፉ በዚያች ቅጽበት 6 ሴንቲ ሜትር ተጉዟል፤ ላባው ሁሉ ይደበዝዛል። በ1/2000 ሰከንድ 7.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሄዳል። የወፍ ፎቶ አንሺዎች በዚህ ፍጥነትና ከዚያ በላይ የሚሠሩት ለዚህ ነው።

አሁን ይህን ቁጥር ገልብጠን እንየው። በ1/2000 ሰከንድ 2,000 ፎቶ ያነሳ ሰው በእነዚያ ፎቶዎች ሁሉ ውስጥ ያለው ጊዜ ሲደመር አንድ ሰከንድ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ አንድ ሚሊዮን ፎቶ ቢያከማች 500 ሰከንድ ይሆንለታል፤ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ብርሃን ከፀሐይ ተነስቶ እንፍራንዝ ለመድረስ የሚፈጅበትም ይህንኑ ያህል ነው። አንድ ፎቶ አንሺ የዕድሜ ልክ ትዕግሥቱን ከፍሎ የሚያገኘው የአንዲት ጨረር የጉዞ ጊዜ ነው።

600 ሚሊ ሜትር ሌንስ የተገጠመለት ካሜራ በ100 ሜትር ርቀት ላይ የሚያየው ስፋት 6 ሜትር ብቻ ነው። ያ ስፋት በ8,000 ፒክስል ሲከፋፈል አንዱ ፒክስል 0.75 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። በሌላ አነጋገር ካሜራው ከ100 ሜትር ሆኖ የክሬንን ቀጭን ላባ መለየት ይችላል። ነፋስ ግን ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሌንስ ጫፉ በ1 ሚሊ ሜትር ቢናጋ ዒላማው በ100 ሜትር ላይ በ25 ሴንቲ ሜትር ይዛነፋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሌንሱን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

ሙቀቱ ከነፋሱ የከፋ ጠላት ነው። አየር ብርሃንን የማጠፍ አቅሙ በአንድ ዲግሪ የሙቀት ለውጥ የሚቀየረው ከሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ያነሰ ለውጥ ማሰብ ያስቸግራል። ሆኖም በጋለ መሬት አጠገብ በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ውስጥ የአንድ ዲግሪ ልዩነት ካለ፣ ብርሃኑ 100 ሜትር ሲጓዝ ምስሉ በሴንቲ ሜትሮች ይንሸራተታል። 0.75 ሚሊ ሜትር የሚለየው ካሜራ በደርዘን የሚቆጠሩ ፒክስሎችን ያጣል ማለት ነው። ሌንሱ ውድ ይሁን ርካሽ ለውጥ የለውም፤ የተበላሸው በመካከል ያለው አየር ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፀሐይ ሳትግል በማለዳ መውጣት ወይም ወደ ወፉ የሚወስደውን የአየር መንገድ ማሳጠር።

ማለዳ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ወፍ የሚነሳውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው። እንፍራንዝ በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ስለሆነ ሌሊቱን የቀዘቀዘው የብስ ማለዳ ላይ አየሩን ወደ ሐይቁ ይሰድዳል፤ ወፎቹም ፊታቸውን ወደ የብሱ ያዞራሉ። ዳር የቆመው ፎቶ አንሺ ዓይን ለዓይን ይገናኛቸዋል። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ከሐይቁ መንፈስ ሲጀምር ወፎቹም ይዞራሉ፤ ዳር ለቆመው ሰው የሚተርፈው ጅራታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ማየት የሚችለው በታንኳ ወይም በጀልባ ከውሃው በኩል የሚመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከልቤ መናገር እፈልጋለሁ። ጎጆዋን ባዶ መሬት ላይ የምትሠራ ወፍ በቀትር የምትቀመጠው እንቁላሏን ለማሞቅ አይደለም፤ ከፀሐይ ልትጋርደው ነው። ሰው ለፎቶ ብሎ ቀርቦ ካስነሳት እንቁላሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ያ ፎቶ የአንድ ትውልድ ዋጋ አለው፤ ማንም ሊከፍለው አይገባም።

17 ግራም

ትልልቆቹን ብቻ ማየት ያታልላል። በጣና ዳር በበጋ ከከብቶች እግር ሥር ጅራቷን እየነቀነቀች የምትሮጥ ቢጫ ሆድ ያላት ትንሽ ወፍ አለች። 17 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ከመንቁሯ እስከ ጅራቷ ጫፍ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ነው። እሷም የምትመጣው ከሰሜን ነው። 5,000 ኪሎ ሜትር ብትጓዝ የሰውነቷን ርዝመት 29 ሚሊዮን ጊዜ ሄዳለች። 1.70 ሜትር የሚረዝም ሰው የራሱን ርዝመት ያን ያህል ጊዜ ቢራመድ 50,000 ኪሎ ሜትር ይሆንበታል፤ ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ 10,000 ኪሎ ሜትር ይተርፈዋል። ያውም በአንድ መንገድ ብቻ። ስንቋ ጥቂት ግራም ስብ ነው።

እንዲህ ያሉ ትንንሽ ወፎች በየዓመቱ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ 2.1 ቢሊዮን ያህል እንደሚሻገሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አስልቷል። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዓለም ላይ ያሉትን ወፎች ሁሉ 50 ቢሊዮን ገደማ ብሏቸዋል። ለእያንዳንዱ ሰው ስድስት ወፍ ይደርሰዋል።

እንዴት ይቆጠራል?

20,000 ክሬን በሰከንድ አንድ እየተባለ ቢቆጠር 5 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ይፈጃል። ወፎቹ ግን ማደሪያቸው ውስጥ ገብተው የሚያልቁት ፀሐይ ስትጠልቅ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው በመጀመሪያ 10 ወፍ በትክክል ይቆጥራል፤ ያ 10 በዓይኑ የሚይዘውን ቦታ ልብ ይላል፤ ከዚያ በ10፣ በ50፣ በ100 እየለካ መንጋውን ይሸፍናል። ልምድ ያላቸው ሰዎች እንኳ ትልቅ መንጋ ሲያዩ ከእውነቱ አሳንሰው ይገምታሉ።

ካሜራው ትልቅ ረዳት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። 400 ወፍ የያዘ ምስል ለመውሰድ ከሰከንድ ሁለት ሺህ አንድ እጅ ይበቃል። ያን ምስል ቤት ገብቶ በኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ ነጥብ እያደረጉ መቁጠር ይቻላል፤ ሃምሳ እንዲህ ያሉ ምስሎች 20,000 ወፍ ናቸው። ቀንና ቦታ የተጻፈበት ፎቶ ሰነድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች በየዓመቱ በጥር ወር ይቆጠራሉ። በጥር መሆኑ ምክንያት አለው፤ ፈላሾቹ በዚያን ጊዜ በሚከርሙበት ቦታ ረግተው ስለሚቀመጡ አንዱ ወፍ በሁለት አገር ሁለት ጊዜ የመቆጠር ዕድሉ ያንሳል።

ቁጥሩ ሲያንስ

በዚሁ በጣና ዙሪያ በሺህ የማይቆጠር ክሬንም አለ። ከጉንጩ ሥር ሁለት ነጫጭ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት፣ ቁመቱ ወደ 1.75 ሜትር የሚደርስ፣ ከአፍሪካ ክሬኖች ሁሉ ረጅሙ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ከ10,000 በታች ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ከደቡባዊ አፍሪካ ወገኖቹ ተነጥሎ የቀረ፣ በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር ነው። አንድ ጥንድ በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚያሳድገው ብዙውን ጊዜ አንድ ጫጩት ነው። በራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ጥቁሩ ክሬንም ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ነው።

ብዙ መሆን ደግሞ ዋስትና አይደለም። በሰሜን አሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከ3 እስከ 5 ቢሊዮን የሚገመት የርግብ ዝርያ ነበረ፤ መንጋው ሲያልፍ ፀሐይን ለሰዓታት ይጋርድ ነበር። የመጨረሻዋ፣ ማርታ የተባለችው፣ በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ መስከረም 1 ቀን 1914 እ.ኤ.አ. ሞተች። ከቢሊዮኖች ወደ ዜሮ ለመውረድ የአንድ ሰው ዕድሜ በቃ።

የጣናም ሒሳብ በፍጥነት ሊገለበጥ ይችላል። እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሙቀትና ምግብ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። አንድ ሜትር ካሬ እምቦጭ ምንም ሳያግደው እጥፍ እየሆነ ቢሄድ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ለመሸፈን 32 እጥፍታ ይበቃዋል፤ 64 ሳምንት፣ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ገደማ። እጅግ የሚያስፈራው የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ሊሸፈን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግማሹ ገና ንጹሕ ውሃ ሆኖ ይታያል። ክረምቱ፣ ማዕበሉና የሰው እጅ ያግዱታል እንጂ ሒሳቡ ይህን ይላል። ነፋሱም ተንሳፋፊውን አረም ከዳር ዳር እየገፋ ያዞረዋል። በሌላ በኩል ደንገሉ ይታጨዳል፤ ረግረጉ ይጠነፈፍና ይታረሳል። የሚጠነፈፈው ደግሞ ሁልጊዜ ጠርዙ ነው፤ ወፉ የሚቆምበት፣ ዓሣው የሚራባበት፣ ወንዙ ደለሉን የሚያጣራበት።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹ ሁሉ ይገናኛሉ። 200 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚበርረው መንጋ የሚያርፈው እስከ ጉልበቱ በሚደርስ ውሃ ላይ ነው። 15 ቢሊዮን ሊትር በቀን የሚሰጠው ሐይቅ ጥልቀቱ 14 ሜትር ነው። የ17 ግራሟ ወፍ መንገድ በጥቂት ግራም ስብ ላይ ተንጠልጥሏል። የትልቁ ሁሉ መሠረት ስስ ነው፤ ስስ ነገር ደግሞ የሚጠብቀው ይፈልጋል። ለመጠበቅ የመጀመሪያው ሥራ ምን ያህል እንዳለ ማወቅ ነው። ትናንት ስንት እንደነበረ ያልተጻፈ ወፍ ነገ ቢጎድል ማንም ጎደለ ብሎ ሊከራከርለት አይችልም።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ተማሪዎች፣ አስጎብኚዎች፣ ጀልባ ነጂዎች፣ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ የያዙ ወጣቶች ሞልተውባታል። እንፍራንዝ ደግሞ ደጃቸው ላይ ነው። በየጥሩ አንድ ማለዳ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ቢቆጥሩ በአሥር ዓመት ውስጥ የአሥር መስመር ሰንጠረዥ ይኖራል። አሥር መስመር ትንሽ ይመስላል። ረግረጉ ይጠንፈፍ ወይስ ይቆይ በሚባልበት ስብሰባ ላይ ግን ከማንኛውም ያማረ ፎቶና ንግግር ይልቅ የሚመዝነው እሱ ነው። ስለዚህ ወደ እንፍራንዝ የሚሄድ ሰው ካሜራውን ይያዝ፤ እርሳስና ማስታወሻ ደብተርም ይያዝ፤ ያየውን በቁጥር ይጻፍ፤ ቀኑንም አይርሳ።